ሽቶ የሌለው የልብስ ሳሙና ለዑምራ ጉዞ፦ ከጅማ ምን ይያዝ? ጂዳ ላይስ ምን ይገዛ?

የመንደራ ልጅ (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። እናቴና አባቴ ከጅማ ተነስተው በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጂዳ ሊሄዱ ነው። ዑምራቸውን ካደረጉ በኋላ ጂዳ እህቴ ዘንድ አንድ ወር ያህል ይቀመጣሉ። እናቴ ችፌ አለባት። ሐኪሙ ሽቶ የገባበት ሳሙናም ቅባትም እንዳይነካት አዟል። ሽታው ጠንከር ባለ ኦሞ የታጠበ ልብስ ስትለብስ በማግስቱ አንገቷ፣ ብብቷና የክርኗ እጥፋት ይቀላል፤ ሌሊቱን እያከከች ታድራለች።

እዚያ የሚሸጠው የልብስ ሳሙና ሁሉ ሽቶ የበዛበት ነው ይባላል። ሽቶ የሌለውን ከማሸጊያው ላይ በምን እለየዋለሁ? ከዚህ ይዘው ቢሄዱ ይሻላል ወይስ እዚያ ይገኛል? የእህቴ ማጠቢያ ማሽንም እስከ ዛሬ ሽቶ ባለው ሳሙና ሲታጠብበት የኖረ ነው፤ ሳሙናውን ብቻ መቀየር ይበቃል? የአባቴ የኢህራም ልብስም (ለዑምራ የሚለበሰው ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ) አለ፤ እሱን በሚመለከት የምታውቁትን አብራችሁ ብትነግሩኝ።


ፋርማሲስት ከፈረንጅ አራዳ

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። እናትህን አላህ ያሽርልህ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማሸጊያውን ፊት አምኖ ስለሚገዛ ነው። "ለስስ ቆዳ"፣ "ለሕፃናት"፣ "በቆዳ ሐኪሞች የተፈተሸ"፣ "ተፈጥሯዊ" የሚሉት ቃላት አንዳቸውም ሽቶ የለውም ማለት አይደሉም። የሕፃናት የልብስ ሳሙና እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ሽቶ ያለበት ነው። በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ደግሞ ሁለቱን ለዩ፦ "ፍራግራንስ ፍሪ" ሽቶ አልተጨመረበትም ማለት ነው፤ "አንሴንትድ" ግን አይሸትም ነው የሚለው። የጥሬ ዕቃውን ሽታ የሚሸፍን ሌላ መዓዛ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። አፍንጫ አይለየው ይሆናል፣ የእናትህ ቆዳ ግን ይለየዋል።

ስለዚህ ማሸጊያውን ገልብጣችሁ የይዘት ዝርዝሩን አንብቡ። "ፓርፉም" ወይም "ፍራግራንስ" የሚል ካገኛችሁ መልሱት። ሊናሎል፣ ሊሞኒን፣ ሲትሮኔሎል፣ ጄራኒዮል፣ ኩማሪን፣ ሄክሲል ሲናማል የሚሉትም የሽቶ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የላቬንደር ወይም የብርቱካን ዘይት ከተክል የመጣ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ሊናሎልም ሊሞኒንም በብዛት ያሉት እነዚህ ዘይቶች ውስጥ ነው። አየር እየነካቸው በቆዩ ቁጥር ደግሞ አለርጂ የመቀስቀስ ኃይላቸው ይጨምራል።

ለዐረብኛው፣ ወላጆችህ ቁርኣን የሚያነቡ ከሆነ ፊደሉን ይለዩታልና ራሳቸው ማየት ይችላሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ዐይን፣ ጧ፣ ራ ተያይዘው "ዒጥር" ተብሎ ከተጻፈ ሽቶ አለው። "ቢዱን ዒጥር"፣ "ኻሊን ሚነል ዑጡር" ወይም "ገይር ሙዐጠር" ካለ የለውም። "ቢዱን ራኢሓ" የሚለው ግን እንደ "አንሴንትድ" ነው፤ ዝርዝሩ ሳይታይ አይገዛ። አራቱንም በዐረብኛ ፊደል ጽፋችሁ ስልካቸው ላይ በፎቶ አስቀምጡላቸው፣ ሻጩን ለማሳየትም ይጠቅማል።

ሌላው፣ ከፈሳሽ ይልቅ ዱቄት ይመረጥ። ፈሳሽ ሳሙና ውሃ ስላለበት እንዳይበላሽ መከላከያ ኬሚካል ይገባበታል። ከእነዚህ አንዱ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ይባላል፤ ከሽቶው በማይተናነስ ሁኔታ ቆዳ የሚያስቆጣ ነው። ሽቶ የለውም ተብሎ የተገዛ ፈሳሽ ሳሙና ቆዳ ሲያሳክክ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ይኼ ነው። ደረቅ ዱቄት ይህን መከላከያ አይፈልግም።


የጅሬን ደረሳ

ስለ ኢህራሙ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ጂዳ የሚበር ሰው ሚቃቱን (ኢህራም ሳይገቡ የማይታለፈውን ወሰን) የሚያልፈው በአየር ላይ ስለሆነ ኢህራሙን አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ወይም ውስጥ ሆኖ ይለብሳል። ስለዚህ የአባትህ ኢህራም የሚታጠበው ጂዳ ሳይሆን እዚሁ ጅማ ነው። መጀመሪያ ወደ መዲና የሚሄዱ ከሆነ ግን ኢህራም የሚገቡት የመዲና ሚቃት በሆነው ዙልሁለይፋ ላይ ነውና መዲና ላይም ማጠብ ይቻላል።

ዛዕፈራንና ወርስ (መዓዛ ያላቸው ማቅለሚያ ተክሎች) የነካው ልብስ በኢህራም እንዳይለበስ በሐዲስ የመጣ ነው፤ ሽቶ የሚከለከለውም ከዚህ ተነስቶ ነው። በሳሙና ውስጥ ስለሚገኝ ሽታ ዑለሞች የተለያየ ነገር ብለዋል። እሱን ኡስታዛችሁን ጠይቁ፤ ሽቶ በሌለው ማጠብ ግን ከክርክሩ ሁሉ ያወጣል። እናትህ የሚለብሱት እንደ ወንዱ ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ ሳይሆን የዘወትር ልብሳቸውን ነው፤ ሽቶ የተከለከለው ግን ለእሳቸውም ነው። ስለዚህ ሻሹም፣ ጉርዱም፣ የውስጥ ልብሱም አብሮ ይታጠብ።

አዲስ የኢህራም ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባ ማጠንከሪያ ስላለው ሁለቴ ይታጠብ። ፎጣ መሳዩ ወፍራሙ ዓይነት ሳሙና ይዞ ስለሚቀር ከስሱ ይልቅ አንድ ዙር ተጨማሪ ማለቅለቅ ይፈልጋል። የሳሙናው ቅሪት ላብ ሲነካው ነው የጭን ውስጡን የሚያሳክከው፤ በጠዋፍና በሰዕይ (ካዕባን ሲዞሩና በሶፋና በመርዋ መካከል ሲመላለሱ) ረጅም መንገድ ስለሚኬድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በክረምት የምታጥቡ ከሆነ ደግሞ የጅማን ዝናብ አስቡት። ወፍራም ጨርቅ በአንድ ቀን ካልደረቀ ይሸታል፣ ሲሸት ደግሞ ሰው መዓዛ ያለው ማለስለሻ ይጨምርበታል፤ ልፋቱ ሁሉ ያኔ ይበላሻል። ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ጠዋት እጠቡ፣ በደንብ ጠምዝዙ፣ በአንድ ገመድ ላይ ሳይደራረብ ስጡት፣ ሊደርቅ ሲል በካውያ ተኩሱት። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ አይሰጣ። ከደረቀ በኋላ በንጹሕ ፕላስቲክ ታሽጎ ሻንጣው ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ። ሻንጣው ራሱ ሽቶ ፈስሶበት የሚያውቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

በአውሮፕላን የሚታደለው እርጥብ መጥረጊያም ሽቶ ይኖረዋል፤ ኢህራም ከገቡ በኋላ እንዳይቀበሉ ንገሯቸው።


ሐበሻ በጂዳ

ጂዳ ላይ ይገኛል፣ ግን ከሰፈር በቃላ (ትንሽ ሱቅ) አትፈልጉት። በቃላ ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል ሽቶ ያለው ነው። እንደ ፓንዳ፣ ዳኑብና ካርፉር ያሉ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ከሌላ አገር የመጡ ሳሙናዎች የሚደረደሩበትን መደርደሪያ ተመልከቱ። እንደ ነህዲ ያሉ ትልልቅ ፋርማሲዎችንም ጠይቁ። ሁልጊዜ በአንዱ ቅርንጫፍ ስለማይገኝ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳሙና ከጅማ ይዘው ይምጡ፤ ደርሰው በድካም ላይ ሱቅ ለሱቅ እንዳይዞሩ።

በቀላሉ የሚገኘው አማራጭ ሳቡን ናቡልሲ ነው፤ ከወይራ ዘይት የሚሠራ ነጭ አራት ማዕዘን ሳሙና። የጥንቱ ዓይነት ሽቶ አይገባበትም። በስሙ የሚሸጥ ሽቶ የተጨመረበትም ስላለ ጀርባው ይነበብ። የሐለብ ሳሙና የሚባለው አረንጓዴው ግን ጋር የሚባለው ዛፍ ፍሬ ዘይት አለበትና ለእናትህ አይሆንም። ናቡልሲውን በእጅ ለማጠብ ተጠቀሙበት፤ ማሽን ውስጥ አይግባ፣ ቅባቱ ቱቦው ላይ ይጋገራል።

ለሐጅና ለዑምራ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ሽታ አልባ ሳሙናና ሻምፑ ለገላ ጥሩ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ለልብስ አያዋጣም።

አሁን የሚሸሹት። የዐባያ ሻምፑ የሚባለው የጥቁር ልብስ ሳሙና በሽቶው ነው የሚሸጠው፤ ዑድ (መዓዛ ያለው እንጨት) የገባበትም አለ። እናትህ ዐባያ ከገዙ ሻጩ ይህንን አብሮ ሊያቀርብላቸው ይችላል። መግሰላ፣ ማለትም የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ከተሰጠም ሲተኮስ ሽቶ ያለው ስታርች የሚረጩ አሉና ባይሰጥ ይሻላል። እህትህ ቤት ቡኹር (ዕጣን) የሚጨስ ከሆነ የእናትህ ልብስ ከሚሰቀልበት ቁም ሣጥን ይራቅ፤ ጭሱ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ለቀናት ይቆያል።


ኬሚስትሪ መምህር

ማሽኑን በተመለከተ፣ ሳሙና መቀየር ብቻ አይበቃም። ሽቶ ዘይትነት ስላለው ከሳሙናና ከማለስለሻ ቅሪት ጋር ተቀላቅሎ ሳሙና መጨመሪያው መሳቢያ ውስጥ፣ በበሩ ጎማ እጥፋት ስርና በውስጥ ቱቦዎች ላይ ይለጠፋል። ሽቶ በሌለው ሳሙና የታጠበ ልብስ ከዚያ ማሽን ሲወጣ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው።

እህትህ ወላጆችህ ከመድረሳቸው በፊት መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ታውጣው። አብዛኛው መሳቢያ መሃሉ ላይ ያለውን ምላስ ተጭነው ሲስቡት ይወጣል። በሙቅ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ይታጠብ፤ በተለይ የማለስለሻው ክፍል፣ እዚያ የረጋ ንፍጥ መሳይ ነገር ታገኛለች። መሳቢያው የሚገባበትን ቀዳዳ ጣሪያም ትጥረገው። የበሩን ጎማ ገልብጣ በእርጥብ ጨርቅ ታጽዳ። ከዚያ 100 ግራም ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት፣ ቤኪንግ ሶዳ አይደለም) ከበሮው ውስጥ ጨምራ ባዶውን በ90 ዲግሪ ታስሂደው። ሶዳ አሽ ካጣች ሽቶ የሌለውን ዱቄት ሳሙና ራሱን በእጥፍ መጠን ትጠቀም። ሙቀቱና አልካሊው ቅባቱን ያላቅቃል። ሲያልቅ ያለ ምንም ሳሙና አንድ ዙር ይደገም።

ቀጥሎ ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ብቻውን ይታጠብና ሳይደርቅ ይሽተት። ከሸተተ የ90 ዲግሪው ዙር ይደገማል። የሚያሸተው ሰው ግን እህትህ ባትሆን ይመረጣል፤ በየቀኑ የሚሸተውን ነገር አፍንጫ ይለምደውና አይለየውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማሽን ሲጸዳ አቼቶና በረኪና በአንድ ላይ፣ ወይም አንዱ ሳይታጠብ ሌላው አይጨመር። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል።

ከዚያ በኋላ ማለስለሻ እዚያ ማሽን ውስጥ ወሩን ሙሉ ባይገባ ነው የሚሻለው። የዘመኑ ማለስለሻዎች ሽቶውን በዓይን በማይታዩ እንክብሎች ውስጥ አድርገው ጨርቅ ላይ ይለጥፉታል። እንክብሎቹ የሚፈነዱት ልብሱ ሲታሽ ነው። ተሰጥቶ ሳለ የማይሸት ልብስ ተለብሶ ሲንቀሳቀሱ የሚሸተው ለዚህ ነው፤ የሚፈነዳውም ልክ እናትህን በሚያማቸው ቦታ፣ ብብትና አንገት ላይ ነው።


እናት ከሂርማታ

ልጄ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እንዶድ አለ አይደለም እንዴ! ከሐሙስ ገበያ የደረቀውን ፍሬ ገዝታችሁ ወቅጣችሁ፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ፣ አረፋውን አጥልላችሁ እጠቡበት። ጋቢና ነጠላ በሱ ነበር የሚነጣው። ሽቶ የሚባል ነገር የለበትም።


ፋርማሲስት ከፈረንጅ አራዳ

እናቴ፣ እውነትዎን ነው፤ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ቆሻሻ በደንብ ያነሳል፣ ሽቶም የለበትም። ግን ለተቆጣ ቆዳ ሳፖኒኑ ራሱ ያቃጥላል። ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫና ዓይን ክፉኛ ስለሚያስቆጣ ችፌ ያለበት ሰው ባይወቅጠው ይመረጣል። ሞክሩት ከተባለም ሌላ ሰው ከቤት ውጭ ወቅጦ፣ በነጠላ ሁለቴ አጥልሎ፣ ልብሱን አራት ጊዜ አለቅልቆ ይሁን። የታጠበበት ውሃ አዌቱ ወንዝ ውስጥ አይደፋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዓድዋ ላይ ያዩት ይህንኑ ነበር፤ እንዶድ የታጠበበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ይሞታሉ፣ ዓሣንም ይገድላል። ለጉዞ ግን አልመክረውም። ስም ያልተጻፈበት የተወቀጠ ተክል ይዞ ድንበር መሻገር ጥያቄ ያስነሳል።


የመንደራ ልጅ (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልን፣ ብዙ ተማርኩ። ከዚህ ምን ያህል ይያዝ? በአውሮፕላንስ እንዴት ይጫናል? ሌላው፣ እናቴ ከአሁን በፊት ሽቶ ባለው ሲታጠብ የኖረ ዐባያ አላት፤ ሽታው በምን ይለቃል?


ቦሳ አዲስ ነኝ

በመሃል ይቅርታ፣ ታናሽ ወንድሜ ለሥልጠና ወደ ጀርመን ሊሄድ ነው፣ ያው የቆዳ ችግር አለበት። እዚያስ?


ሐበሻ በጂዳ

ለቦሳው፦ ጀርመን ቀላል ነው። ዴኤም የሚባለው ሱቅ የራሱ የሆነ ዴንክሚት አልትራ ሴንሲቲቭ የሚል ሽቶ የሌለው ሳሙና አለው። ማሸጊያው ላይ "ኦነ ፓርፉም" ወይም "ኦነ ዱፍትሽቶፈ" የሚለውን ይፈልግ። "ሴንሲቲቭ" ብቻ የሚለው አይበቃም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 648/2004 መሠረት ሽቶ ካለ መጻፍ አለበት፤ አለርጂ ከሚያስነሡት የታወቁ የሽቶ ንጥረ ነገሮች መካከል ከ0.01 በመቶ በላይ የገባውም በስሙ ይጠራል፤ መከላከያ ኬሚካል ደግሞ ትንሽም ቢሆን ይጻፋል። ስካንዲኔቪያ ከሄደ "ኒውትራል" የሚባለው ሽቶ የለውም። እንግሊዝ ከሆነ "ኖን ባዮ" የሚለው እንዳያሳስተው፤ ኢንዛይም የለውም ማለት ነው እንጂ ፐርሲልም ፌሪም ኖን ባዮአቸው ሽቶ አለው። እዚያ ሰርኬር ይፈልግ። አሜሪካ ከሆነ ታይድ ፍሪ ኤንድ ጄንትል ወይም ኦል ፍሪ ክሊር።


ፋርማሲስት ከፈረንጅ አራዳ

ለመጠኑ ይህን ሒሳብ ያዝ። በእጅ ሲታጠብ ለ10 ሊትር ውሃ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ማለትም ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በማሽን ለአንድ መካከለኛ ሙሌት ከ60 እስከ 70 ግራም፤ ማሸጊያው ሌላ ካለ ማሸጊያውን ተከተሉ። በሳምንት ሁለቴ በማሽን ቢታጠብ ለወሩ 600 ግራም ገደማ ነው። ለዑምራው ቀናት የእጅ እጥበት 200 ግራም ጨምርበት። አንድ ኪሎ ይዘው ቢሄዱ ሙሉውን ጊዜ ያደርሳል፣ እዚያ ባይገኝም አይጨነቁም። ሳሙና ሲበዛ ይበልጥ ይጸዳል የሚባለው ስሕተት ነው። የበዛው ሳይለቅ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ሽቶ ባይኖረውም ዱቄቱ አልካሊ ስለሆነ ቆዳ ያደርቃል።

ሲታጠብ በሳፋ ሦስት ጊዜ በአዲስ ውሃ ይለቅለቅ። ልብሱ ሲጨመቅ የሚወጣው ውሃ አረፋ ከሌለውና በጣት መካከል ካላሟለጨ በቅቷል። በማሽን ከሆነ ተጨማሪ ማለቅለቂያ የሚለው ቁልፍ ሁልጊዜ ይጫን። እናትህ ራሳቸው የሚያጥቡ ከሆነ የቪኒል ወይም የናይትራይል ጓንት ያድርጉ፣ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ቢኖር ላቡን ይይዝላቸዋል።

አጫጫኑን በተመለከተ ዱቄቱ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፣ በእጅ አይያዝ። ከነማሸጊያው፣ ጽሑፉ እየታየ፣ በሁለት ፕላስቲክ ታሽጎ ይሁን። ወደ ተራ ከረጢት ገልብጣችሁ እንዳትልኩ፤ ስም የሌለው ነጭ ዱቄት ጉምሩክ ላይ ምን እንደሆነ ለማስረዳት በተለይ ቋንቋ ለማይችሉ ወላጆች ጭንቅ ነው። ፈሳሽ ከሆነ በእጅ የሚያዘው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ።

እዚህ ጅማ የምትገዙትን አዲስ ሳሙና ሳትፈትሹ አትላኩ። የትራስ ልብስና አንድ የውስጥ ልብስ እጠቡበትና እናትህ ለአንድ ሳምንት ይጠቀሙበት። የንክኪ አለርጂ የሚታየው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ "ለበስኩት፣ ምንም አላደረገኝም" ብሎ በዚያው ቀን መወሰን አይቻልም። ሳሙናውን ግን በቀጥታ ቆዳቸው ላይ ቀብታችሁ አትሞክሩ፤ ጤነኛ ቆዳንም ያቃጥላል፣ የሚነግራችሁም ነገር የለም።


ኬሚስትሪ መምህር

ለዐባያው፦ መጀመሪያ ጨርቁ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ጥጥ ሽቶን በሁለት ሦስት እጥበት ይለቃል። አብዛኛው ዐባያ ግን ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ዘይት ስለሚወድ ሽቶውን አጥብቆ ይይዛል። በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉት። ጠዋት ሽቶ በሌለው ሳሙና፣ መለያው በሚፈቅደው ከፍተኛ ሙቀት እጠቡት። ጥቁር ስለሆነ ገልብጣችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ላይ ስጡት። ሽቶ በነፋስና በሙቀት ይተናልና ከአንድ ቀን ይልቅ ሁለት ሦስት ቀን ቢሰቀል የተሻለ ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ደግማችሁ፣ በእጃችሁ አሽታችሁ አሽትቱት። አሁንም ከሸተተ ያ ዐባያ ለዚህ ጉዞ አይሆንም፤ አዲስ ተገዝቶ ሁለቴ ይታጠብ።


የጅሬን ደረሳ

አዲስ ከተገዛ ከጅማው ይሁን። ጂዳ ላይ ሱቁ ውስጥ ቡኹር የጨሰበት ዐባያ ይበዛል።